የጎረሰ

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ይወቅጣል፤
መስቀሌ ከደጅ ላይ ኤሌክትሮድ ይለቅማል።
ከሂርማታ በኩል ጭቃ እየረጨች
አንዲት ላንድክሩዘር ደጃፌ ላይ ቆመች።
ኸይሩ አባ ራያ ነው፤ ቡና ነው ንግዱ፤
ሊሙ ነው፣ አጋሮ ነው፣ ሌሊት ነው መንገዱ።
ጆንያ ይዞ ይመጣል፣ ብር ጭኖ ይወጣል፤
ብር ጭኖ የሚወጣ ባዶ ወገብ ይፈራል።

ሞተሩን አጠፋ። አልወረደም ቶሎ።
እጁ ከመሪው ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣
«ሳጥን ሥራልኝ» አለኝ፣ «ከወፍራም ላሜራ፤
ከወንበሬ ሥር የሚታሰር፣ ከወለሉ ጋራ።»
«ለምኑ?» አልኩት። ዝም። ዝናቡን አዳመጠ።
ከጃኬቱ ውስጥ ጨርቅ አወጣ፣ ገለጠ።
ሽጉጥ። ካዝናው ወጥቶ ለብቻው በሌላ ኪስ፤
ፈቃዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እርጥበት እንዳይደርስ።

«ትናንት ነው» አለ።
«ዙህር ልሰግድ መስጊዱ ጋ አቆምኩ።
አምስት ደቂቃ ብዬ ነው የወረድኩት።
ኢክራም ከኋላ ተኝታለች፤
መስኮቱን ለአየር የጣት ያህል ተውኩት።
ማስቲካዋን የማስቀምጥላት የት ነው?
ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ።
ይሄንንስ የማስቀምጠው የት ነው?
ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ።

ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ ስል አየኋት፤
ከፊት ወንበር ላይ ናት፣
በሁለት እጇ ይዛዋለች፣
ጆሮዋ ላይ፣ እንደ ስልክ።
‹ሃሎ፣ አባ› ትላለች፣ ‹የት ነህ?›»

«ጎርሶ ነበር?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ጭቃው ጣለ።
«ጎርሶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያወራው ዝናቡ ነው።

ላሜራ ቆረጥኩኝ፣ ሦስት ሚሊ ውፍረት፤
ማጠፊያውን ከውስጥ፣ እንዳያገኘው ፌሮ ወይ ብረት።
መስቀሌ ስፖንጅ ለጠፈ፣ እንዳይንኳኳ በመንገድ፤
አራት ብሎን ሰደድን እስከ ወለሉ ሆድ።
በየመሀሉ አወራሁ፤ በያጅ ወሬ ይወዳል፦
«ስትነዳ አታጉርሰው፤ የጎረሰ ይተፋል።
ማታም ይዘኸው ግባ። መኪና ጎማ ያለው ደጅ ነው፤
አጣቢው ይከፍተዋል፣ ጎሚስታው ይከፍተዋል፣ እኔ ራሴ ይኸው ነው።»

ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋ።
ድምፁን ወደደው መሰለኝ።
«ቁልፉንስ የት ታደርገዋለህ?» አልኩት።
«ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ» አለ፣ ወዲያው፣ ሳያስብ።

ተያየን።

መጀመሪያ የሳቀው መስቀሌ ነው።
ቀጥሎ ኸይሩ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበት፤
ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ «ዝናብ ነው» ብሎ።
ከጣሪያ ሥር ነበርን።

ቁልፉን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አሰረው፣
ከሸሚዙ ሥር፣ ከደረቱ ፀጉር ጋር።
ሒሳቡን ቆጠረ፣ አልተከራከረም፤
የቡና ነጋዴ ሳይከራከር ሲከፍል ያን ቀን አየሁ።
ማስቲካውን ከዳሽቦርዱ አውጥቶ
ለመስቀሌ ሰጠው፣ ሙሉ ፓኮውን፤
ኪሱን ሳይዘጋው ሄደ፣
ባዶውን፣ እንደ ተከፈተ አፍ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ
ከቁምሳጥኑ ጎን ተንበርክኬ ዳበስኩ።
የሚሪንዳ ጠርሙስ አለ።
ግማሹ የባትሪ አሲድ ነው።
ስንት ወሩ መሰላችሁ፣ ከትንሿ ልጄ ጉልበት በታች፣
እኔው በእጄ ካስቀመጥኩት።
ጭነቱ እጄ ላይ ከበደኝ፤ ለሊትር አይመስልም።

«ምን ጠፋብህ?» አለች ሚስቴ፣ ከአልጋ ላይ ቀና ብላ።
«ምንም» አልኳት።
«ገና ምንም አልጠፋም።»