ሴሚስተር

የደላልን ሻንጣ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፣
ሹራብ በሹራብ ላይ እየደራረብኩ፣ ላቤ እያጠመቀኝ።
ጃብሪያ ላይ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል፣
እሷ የምትሄድበት በረዶ ይመጣል።
ለአንድ ሴሚስተር ነው፤ ቦሎኛ፣ ጣሊያን አገር፣
ሥዕል ልታጠና፣ ወይ ስለ ሥዕል ነገር።
ማዳም ታለቅሳለች፤ ባባ ስልክ ላይ ነው፤
እኔ ሚዛኑን ነው ጎንበስ ብዬ የማየው።
ሃያ ሦስት ኪሎ።

እኔ ስመጣ ግን ሻንጣም አልነበረኝ፤
የእህቴ ቦርሳ ነው ኩዌት ያደረሰኝ፣
ዚፑ የተነቀለ፣ አፉ የማይዘጋ፣
ከሐይቅ እስከ ቦሌ አቅፌው ሌት ነጋ።
የእሷ ስም ደላል ነው። የእኔን ደግሞ ጉዞ
የወሰነው ደላላ፣ ስሜን በስልኩ ይዞ።
አንዲት ፊደል ናት በመሃላችን ያለች፤
እኔን በራብዕ ሸጠች፣ እሷን በሳድስ ጠራች።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ደላል።
«ሉባባ፣ እንቁላል ስንት ደቂቃ ይበስላል?»
«ስምንት» አልኳት፣ «ውሃው ከፈላ በኋላ።»
በማግስቱ ደግሞ፦ «ነጩ ልብሴ ቀላ!
ከቀይ ካልሲ ጋራ አንድ ላይ ከትቼው…» ሳቅሁ፤
ጣሪያ ላይ፣ ከሮቶው ሥር፣ በትራስ አፌን ዘጋሁ።

ኅዳር ሲገባ ግን ጥያቄ አልያዘችም።
ትንፋሿን ሰማሁት፤ ምንም አላወራችም።
ቆይታ ነው፦ «ሉባባ፣ ስሜን ማንም አይጠራ
እንደ ስሜ። ሱቅ ገብቼ ሳንቲም ስቆጥር በተራ
ከኋላዬ ይተነፍሳሉ። በአሥራ አንድ ይመሻል።
ለእናቴ እንዳትነግሪ፣ ሰምታ ይከፋታል።»

ይህን ትምህርት እኔ አውቀዋለሁ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፈተናውን አልፌዋለሁ፣
ወረቀት የሰጠኝ ግን የለም።
አስተማርኳት፣ በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ በእሷው ቤት በለመድኩት፦

«አልጋሽን አንጥፊ ገና ስትነሺ፣
ባትመልስም እንኳ፣ ለጎረቤትሽ ሰላምታ አትርሺ።
ቋንቋውን ከዳቦ ጀምሪው፣ ከውሃ፣ ከ‹ስንት ነው›፤
‹ይቅርታ›ን ቶሎ ልመጂ፣ ብዙ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።
እናትሽ ጋ ስትደውዪ ጠዋት ይሁን፣ ማታ ተዪው፤
ማታ ድምፅ ያሳብቃል።
እኔ ለእናቴ የምደውለው ጠዋት ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ «ለአንቺ ግን ማታ ነው የምደውለው» አለች።
አዎ። ለእኔ ማታ ይደወላል።

ክፍሏን በየቀኑ እወለውላለሁ፣ ሰው ባይኖርም፤
አቧራው ከበረሃ ይመጣል፣ ሰው አለ የለም አይልም።
ግድግዳዋ ላይ ካርታ አለ። አንድ ቀን በጣቴ ለካሁ፦
ከሐይቅ እስከ ኩዌት አንድ ጣት ተኩል፣ ደግሜ ቆጠርሁ፤
ከኩዌት ቦሎኛ ሁለት ጣት ተኩል።
የእሷ ይርቃል።
የእሷ ይርቃል፣ ግን በጥር ያልቃል።

በጥር መጣች። ፎርማጆ፣ ማግኔት፣ ሥዕል፣ ብዙ ወሬ፤
ዘመድ ተሰብስቦ ያዳምጣል፤ ሻይ ይዤ በመሃል ዞሬ
«ብቻዬን መኖርን ተማርኩ» ስትል ሰማኋት።
አክስቶቿ አጨበጨቡላት።
ለእኔም አምጥታለች፦ የሱፍ ጓንት፣ ግራጫ፣ የሚያምር።
እኔ ጓንት አለኝ፤ ቢጫ፣ የላስቲክ፣ ከሳሙና ጋር የሚኖር።

ማታ ወጥ ቤት መጣች፣ በሩን ተደግፋ፦
«የአንቺስ፣ ሉባባ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»
ቧንቧውን ጨመርኩት፤ አረፋው በእጄ ላይ ሰፋ።

ጠዋት ስነሳ ቀድማኝ ምድጃው ጋ ቆማለች፣
ሁለት እንቁላል ጥዳ ሰዓቷን ታያለች።
ስምንት ደቂቃ። አልተሳሳተችም።
አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ቆመን በላን፣ ማዳም አልነቃችም።
ጨው አቀበለችኝ።
ቅርፊቱን የጠረግሁት እኔ ነኝ።