በሁለት መስመር መሀል

የሆቴሉን አንሶላ ሳጣጥፍ ውዬ፣
የጥብርያዶስን ዳገት ወጥቼ ቀስ ብዬ፣
ስደርስ ሊኖይ አለች፤ ጠረጴዛው ሞልቶ፣
እርሳስና ማስመሪያ፣ የሱፍ ቅርፊት በዝቶ።
ነገ ፈተና አላት።

በካሬ ወረቀት ሁለት መስመር ሥላለች፤
አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቀይ አድርጋለች።
«ሰማያዊው፣ እማ፣ ኪነሬት የሚገባው፣
የዝናብ፣ የወንዝ ውሃ። ቀዩ የሚወጣው፤
ፀሐይ የምትጠጣው፣ ቧንቧ የሚቀዳው።»

አየሁት። ሰማያዊው የካቲት ላይ ወጥቶ፣
ከዚያ ቁልቁል ይሄዳል፣ ጉልበቱ ተፈትቶ።
ጣቴን በጫፉ ላይ እንደ ዳኛ ጥዬ፣
ፈረድኩ፦ ከዚህ ወዲያ ባሕሩ ጎደለ ብዬ።

ሳቀች።
«አይ እማ! ‘ወረደ’ ሌላ፣ ‘ጎደለ’ ሌላ ነው፤
መስመሩን ተዪና መሀሉን እዪው።»
ማስመሪያውን አቆመች፣ ከቀዩ ጀምራ፤
ሣጥኖቹን ቆጠረች፣ ወር በወር፣ በተራ።
የካቲት ላይ ስድስት ሣጥን ነው ቁመቱ፣
መጋቢት ላይ አራት፣
ሚያዝያ ሁለት ብቻ። ጠበበ ክፍተቱ።
«እያነሰም ቢሆን፣ ሰማያዊው ካለ በላይ፣
ባሕሩ ይወጣል፣ ድንጋይ በድንጋይ።»

«ታዲያ አፉ ድረስ የሚሞላው መቼ ነው?»
«ግንቦት ላይ። ሁለቱ መስመር ሲገናኙ፣
ልዩነቱ ዜሮ፣ አንድ ነጥብ ሲገኙ።
ከዚያ ቀዩ ይበልጣል፤ ከዜሮ በታች ነው።
መጉደሉ ያኔ ነው የሚጀምረው።»

ልዩነት! ይህን ቃል በሌላ ዜማ አውቀዋለሁ፤
በሥራ ቅጥር ቢሮ፣ ከሰው ዓይን ላይ አንብቤዋለሁ።
«ማን ከማን ይቀነስ?» አልኳት ሳላስበው።
እርሳሷን ነከሰች።
«ዋናው እሱ ነው።
ብትገለብጪው ምልክቱ ይገለበጣል፤
ርዝመቱ ግን ያው ነው።»

መብራት አጠፋን። እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ጉልበቴ መውረድ ከጀመረ አሥር ዓመት አለፈኝ፤
ያን ጊዜ ነው ለራሴ «በቃሽ፣ ጎደልሽ» ያልኩት፤
ከሥሩ ያለውን ቀይ መስመር መች ለካሁት?

ጠዋት ሥራ ስሄድ በባሕሩ ዳር አለፍኩ፤
ባለፈው ሰንበት የተቀመጥኩባትን ድንጋይ ፈለግኩ።
ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል።
ድንጋይዋ አለች፤
ግማሿ ግን ውሃ ውስጥ ገብቷል።