ሦስተኛው መስመር

ደሴ ላይ ሌሊት ነው፤ ጉም ከጦሳ ወርዷል፤
በሉባባ ፒፔት ጫፍ ሰማያዊ ጠብታ ይርዳል።
መዳብ ነው፤ ሁለት ክንድ አቅፎት ያደረ መዳብ፣
የዘር ቀለበትን ለመበጠስ የሚራብ።

አባቷ ለዓረፋ ካራውን ሲስለው፣
ካራው ሳስቶ ሳስቶ ቅጠል ነው ያከለው።
ይኼኛው ይቆርጣል፤ ቆርጦ ግን አያልቅም፤
አንዱን ክር በጥሶ ወደ ሌላው ሲሄድ አይደክምም።

መብራት ጠፋ። ጄሉ በጨለማ ቆመ።
«ያ ረቢ!» አለች። ጄኔሬተሩ አጉረመረመ።

ከዚያ ሐምራዊ ብርሃን፤ ሦስት መስመር ታየ፤
አንዱ ጥቅልል፣ አንዱ ላላ፤ ሦስተኛው ተለየ፣
ቀጥ ብሎ፣ ሁለት ጫፍ አውጥቶ።

ወረቀት ፈልጋ ኪሷ ውስጥ ያገኘችው
የእህቷን የቦሩ ሜዳ ካርድ ነው።
በጀርባው ጻፈች፦
«ቀለበቱ ተቆርጧል። መዳቡ እንዳለ ነው።»