የሚበጠሰውን መምረጥ

ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ ገበያው ደርቷል፣
የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን አቡክቷል።
ከጃንጥላ ጠጋኝ፣ ከባትሪ ሻጭ መሃል
ዘንግ የሚሸጥ ጎረምሳ ሸራ ዘርግቷል።
እንደ ራዲዮ አንቴና ተስቦ የሚረዝም፣
ቀይ ቀለሙ የሚያበራ፣ ዋጋውም አይከብድም።
«አይሰበርም» አለኝ፣ «የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ፤
አምና ባልሰማው ኖሮ፣ ዘንድሮ ባመንኩኝ።

አምና ከግልገል ጊቤ፣ ከግድቡ ዳርቻ፣
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቆሜ ለብቻ፣
አምባዛ ያዘልኝ፤ ጎተተኝ፣ ጎተትኩት፣
ጢሙን ካረፋው ላይ አንድ ጊዜ አየሁት።
ከዚያ ቀጭ!
እንደ ደረቅ አገዳ፣ ልክ ከመጋጠሚያው።
እጀታው እጄ ቀረ፤ ዓሣው ከነጫፉ
ወደ ጥልቁ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ ካፋፉ።
ዛሬም እዚያ ውኃ ውስጥ፣ ባሰብኩት ቁጥር፣
ቀይ ዘንግ እየጎተተ ይሄዳል በክብር።

ጎረምሳውን ትቼ አወይቱን ተሻገርኩ፣
ዋንዛ ከሚሸተው ጠባብ ሱቅ ደረስኩ።
አባ ጌሮ በርጩማ ጠራቢ ነው፤ ዓሣ አይበላም፣
«ይሸተኛል» ይላል፤ ዘንግን ግን እንደሱ የሚያውቅ የለም።
የገዛሁትን ሁሉ በጉልበቱ ላይ ዘረገፍኩለት።
«ዓይንህን ጨፍንና ጣትህን አምጣልኝ፣
ዕቃ የሚመረጠው በጣት ነው» አለኝ።

ከጋቢው ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ነጨ፣
በየቀለበቱ ቀዳዳ እየሳበ አወጣ።
«ጥጡ የተያዘበት ክርህን ይበላል፤
ዓይን ያላየው ስንጥቅ ናይለን ይከትፋል።»
ሦስቱን ወረወረ። ሁለት ቀሩ።
መዘውሩን አዙሮ ጆሮውን ደገነ፤
«ይኼ ወፍጮ እንጂ መቼ መዘውር ሆነ?
ጥርሱ ፕላስቲክ ነው፣ ገንፎ እንኳ አያላምጥም፤
ነሐስ ያለው ፈልግ፣ ቢከብድህ ግድ የለም።»

መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ አጎበጠ።
ጎብጦ የቀረውን «ሰነፍ ነው» አለ፣
አልጎብጥ ብሎ የተሰበረውን «ቁጡ ነው» አለ፣
ሰጥቶ የሚመለሰውን ለየልኝ፤ አራት ብቻ።

ዘንጉን ከሽመል ሠራው፤ ሦስት ክረምት ሙሉ
ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጢስ የጠጣ።
እጀታውን ጠረበው ከዋንዛ ቁራጭ፣
ከአንዲት ሙሽራ በርጩማ እግር ከተረፈው፣
አንጓውን በሰም ክር ጠፍሮ አጠበቀው።

ቀረ የጫፉ ክር፣ መንጠቆው የሚታሰርበት።
እኔ በኩራት ወፍራሙን አነሳሁ፣
አይሱዙ የሚጎትተውን።
ከእጄ ነጠቀኝ። ቀጭኑን ሰጠኝ፣ የአሥር ብሩን።

«ሁሉ ከጠነከረ የቱ ነው የሚበጠስ?
ጊቤ ጉልበተኛ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣
አንድ ነገር ሳይወስድ መቼ ይመለሳል?
አንተ ካልመረጥክለት ራሱ ይመርጣል።
ስጠው ይህን አንድ ክንድ፣ ይህን ርካሹን፤
ዘንግህን ይተውልህ፣ እጅና ትከሻህን።»

ይህን ሲለኝ ሳላስብ ግራ እጁን አየሁት፤
ሁለት ጣት ጎድሎታል። ምንም አልጠየቅሁት።
መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ዘይት ተቀብቶ።

ቅዳሜ ጊቤ ወረድኩ።
ከቀትር በፊት አንዴ፣ ከቀትር በኋላ ሁለቴ ተበጠሰ፤
ሦስት መንጠቆ ሄደ፤
ሽመሉ እስከ ውኃው አፍ ጎበጠ፣ ተመለሰ።
በየጊዜው ተቀምጬ አንድ ክንድ ክር ለካሁ፣
ምራቄን እንትፍ ብዬ ቋጠሮ አጠበቅሁ።

ማታ ጭቃዬን በር ላይ ሳራግፍ
ረውዳ ወጣች፣ ባዶውን ዘንቢል አየች፤
«ምን ያዝክ?» አለችኝ፣ ሳቋን እየዋጠች።
ግድግዳው ላይ አስደግፌ እያደረቅሁት፣
«ዘንጉን» አልኳት።