የደብተሩ ጀርባ

ዘርጋው ያርሳል እንጂ ሂሳቡ የእኔ ነው፣
በልጄ ደብተር ነው፣ ከጀርባ ምጽፈው።
ከፊት በኩል ቤዛ ክፍልፋይ ትሠራለች፣
ከኋላ በኩል ዩሪያ ዋጋ ትጨምራለች፤
አንድ ቀን መሀል ገጽ ላይ እንገናኛለን።

የአምናው እንዲህ ይላል፦
ዳፕ አንድ ኩንታል፣ በዱቤ፣ ከማኅበር፤
ዩሪያም አንድ ኩንታል፣ እሱም በዚያው ነገር፤
ምርጥ የበቆሎ ዘር፣ ከረጢቱ አረንጓዴ፤
የአረም መድኃኒት፣ ሊትሩን፣ ካንድ ነጋዴ።
ሃያ ሁለት ኩንታል ጎተራ ገባና፣
ሰው እንኳን ደስ አላችሁ አለን።
ደምረን ቀንሰን የቀረን ግን — ጤና።

ቦራን ሸጥነው በጥር፤ በዕዳ ሄደ ቦራ።
ዘርጋው ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም አላወራ።
ዳለቻ ብቻውን ቀረ ከነቀንበሩ፤
አበጋዝ ደግ ነው፣
በሬውን ለቅንጃ ሰጠን ከነቁጥሩ፦
ሁለት ቀን በግንቦት፣ ሁለት ቀን በሰኔ።
«በሁለት ጊዜ እርሻ ምን ይበቅላል?» አለኝ።
«እሾህ» አልኩት እኔ።

አባቱ አምስት ጊዜ ነበር የሚያርሰው፤
ይገምሳል፣ ያይማል፣ ይሠልሳል፣ ደግሞ ይመልሰው፣
አፈሩ ዱቄት ሆኖ ከጣቱ እስኪያልፍ።
ሲሞት ኑዛዜው ራሱ «ጓል እንዳታስተርፍ»።

ምንታምር የምትባል የልማት ጣቢያ ልጅ፣
ጫማዋ በጭቃ፣ ጃንጥላዋ በእጅ፣
«አገዳውን ተዉት፣ መሬቱን ያልብሰው፣
እሱም እኮ ገላ ነው፣ ጎርፍ አይግረፈው፤
በመሀል በመሀል ማሾ ዝሩበት»
ብላኝ ነበርና፣ ከለከልኩ ከብቱን።
ዳለቻ በአጥር ላይ አየኝ በትዝብት።
«ድርቆሽ፣ ሁለት ሸክም» ብዬ ጻፍኩ፣ በወጪው በኩል።

ማዳበሪያ ግማሽ። አንበትንም አልን።
በለስላሳ ቆርኪ፣ ላንድ ጉድጓድ አንድ፣
እንደ ሕፃን መድኃኒት፣ እኔ እየለካሁ፣
ቤዛ እየቆጠረች።
«እማ፣ አንድ ቆርኪ ከኩንታሉ ስንተኛው ነው?»
«እሱን አንቺ ንገሪኝ።»

መንገደኛ ሳቀ። «ያልተበጠረ ራስ!» አለው ማሳችንን፤
ማሽላ ሊያርም የወረደው ሁሉ ቆሞ ገላመጠን።
ዘርጋው አንገት ደፋ።
እኔም ፈራሁ። አልፈራሁም ብዬ አልዋሽም።

ነሐሴ አሥራ ሁለት። ሌሊት ነው የጀመረ።
ጀውሃ ሲያገሳ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣
ቆርቆሯችን ጮኾ ጮኾ ድምፁ ተቆረጠ።
ማለዳ ብንወርድ፣ የአበጋዝ ማሳ፣
አምስቴ የታረሰው፣ ዱቄት የሆነው፣
ዱቄት እንደሆነ ሄዷል።
ወንዙ እንደ ሽሮ ወጥ ወፍሮ ይወርዳል።

የእኛ? አገዳው ጎርፉን በጥርሱ ይዞታል፤
ማሾው ተጋድሟል፣ ሥሩ ግን አልለቀቀ።
ደስ አላለኝም። ያረሰልን በሬ የአበጋዝ በሬ ነው።
ዘርጋው ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ
አንድ ጓል አነሣ፣
የአባቱን ኑዛዜ በእጁ ይዞ ቆመ፣
ከዚያ መልሶ አስቀመጠው፣
ቀስ ብሎ፣ እንደ እንቁላል።

ምስጡንም ልጻፍ፣ ሂሳብ ነውና፤
አገዳውን ተከትሎ ገባ፣
ከዳር ሁለት መደዳ በቆሎ ጨርሶ
ባዶ ቆሞ ቀረ።

ታኅሣሥ። ደብተር ይምጣ።
በቆሎ አሥራ አራት። ማሾ ሦስት ኩንታል፣
የሸዋሮቢቱ ነጋዴ ሳይከራከር የወሰደው።
«ካምናው ያንሳል» አለ ዘርጋው።
ያንሳል። ስምንት ኩንታል ያንሳል።
ግን ወጪው ሲነሣ፣ ዱቤው ሲከፈል፣
ድርቆሹ እንኳ ሳይቀር፣
የቀረው ገንዘብ የበሬ ሦስት እግር ይገዛል።
«ሦስት አራተኛ!» አለች ቤዛ፣ ከፊት ገጿ ቀና ብላ።

«አራተኛውስ?» አለ አባቷ።
ወደ ማሳው አየሁ።
ጀውሃ ያልወሰደው አፈር —
እሱን ከየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው
እስካሁን አላወቅሁም።