እርሳስ

ዘጠነኛ ሐ ነን፤ ከምሳ በኋላ፣
የሀርቡ ወበቅ ክፍሉን ሲሞላ፣
ግማሹ ሲያንቀላፋ ግማሹ ሲያወራ፣
ስለ ኬልቶች ጀመርኩ፣ ስለ ሩቅ ሀገር ጎራ።

ባሕር ተሻግራ ሮም ድንጋይ አነጠፈች፣
የጎሣውን ሁሉ ስም በመዝገብ ጻፈች፤
አይሲኒ፣ ሲሉሬስ፣ ብሪጋንት እያለች
ቆጠረች፣ ቀረጠች፣
የባላባቱን ልጅ ቶጋ አለበሰች።
ፍል ውሃም ነበራቸው፣ አድባር ያለችበት፣
ሱሊስ እያሉ የሚማጸኑበት፤
አላባረረቻትም። በድንጋይ ቤት ሸፍና
«ሚነርቫ» አለቻት፣ ስም በስም ላይ ጭና።

ካባ የጠፋበት፣ የተሰረቀ ሰው
ደጇ ይመጣል፣ አንጀቱ ሲያርረው፤
«ወንድ ይሁን ሴት ይሁን፣ ሌባው እንቅልፍ አይይ»
ብሎ ይጽፍና በእርሳስ ቅጠል ላይ፣
ጠቅልሎ ይጥለዋል ከፍሉ ከርስ ውስጥ፤
ሺህ ስምንት መቶ ዓመት፣ ፊደሉ ሳይሟጥጥ።

«በእርሳስ?» አለ እብሬ፤ ላጲሱን አነሳ፤
«ታዲያ ቲቸር አይጠፋም?» ክፍሉ በሳቅ ተነሳ።
«ብረቱን ነው» አልኩት፣ «ከባዱን፣ የጥይቱን»፤
ላጲሱን ቀማሁት፣ ጫፉ የተበላውን።

ጦይባ ግን አልሳቀች። «በማን ቋንቋ ጻፉት?»
«በሮም። አንድ ሁለቱን ግን
እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አላነበበው።
የነሱው ይሆናል።»
«ወንዞቹስ?» አለችኝ።
«ኤቨን የሚሉት አለ፤ በጥንቱ ቋንቋ ወንዝ ማለት ነው።
ዛሬ የኤቨን ወንዝ ይሉታል፣
ወንዝ ወንዝ እያሉ፣ ሳይታወቃቸው።»
«እንደ ለጋሂዳ!» አለች። «አጎቴ ከከሚሴ ነግሮኛል፣
ለጋ ማለት ወንዝ ነው።»
ደወሉ ተደወለ።

እኔ በመዝገብ ስሜ ፍስሐ ሙሄ ነኝ።
የሙሄ አባት ወልደ ገሪማ፣
የሱ አባት ዑመር፤ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው።
አንዱ በውድ ለወጠ፣ አንዱ በግድ፣
አንዱ ለሚስቱ ሲል፤
የትኛው የቱ እንደሆነ ማንም አልነገረኝ፣
እኔም አልጠየቅሁ።

ቅዳሜ ፍል ውሃ ወረድኩ፣ ጉልበቴን ልዘፍዝፍ፣
ሴቱ በወዲያ በኩል፣ ወንዱ ወዲህ ሲሰለፍ፤
ከድንጋዩ ሥር አየሁ የድልህ ቆርቆሮ፣
ተቀጥቅጦ፣ ተዘርግቶ፣ በሚስማር ተሞነጫጭሮ፦

«ያ ረቢ! አረንጓዴ ኮንጎዬን የወሰደ፣
ከሀርቡም ይሁን ከደሴ የወረደ፣
እስከ ሰኞ ካልመለሰ እግሩን ይለብልበው፤
ከሰኞ ወዲያ ግን አንተ እንዳየህ አድርገው። አሚን።»

ከሥሩ አንድ መስመር፤ ፊደሉ የኛው ነው፣
ቃሉን አላወቅሁት። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ውሃው ነው የሰማው።
ኦሮምኛ አይደለም፤ ያንን እሰማለሁ።
አርጎብኛ ይሆን? ወይ ከዚያም የቀደመ፣
አንድ ሰው አፍ ላይ ብቻ ቀርቶ የከረመ?
ለሸህ ሙዘይን አሳየሁ። ገላቸውን እያሹ
አዩት፣ አገላበጡት፣
«መልሰው» አሉኝ፣ «ላንተ አልተጻፈም»።
መለስኩት።

እሁድ ማታ ፈተና አወጣሁ፣ በእርሳስ፦
«ኬልቶች በሮም አገዛዝ ሥር ማንነታቸውን
ጠበቁ ወይስ አጡ? አብራራ። አሥር ማርክ።»
ብዙ አየሁት። የእብሬን ላጲስ አወጣሁ፣
«ወይስ»ን ፈገፈግኩ።
ወረቀቱ ሳሳ፤ ቃሉ ግን ወደ ብርሃን ሲይዙት
አሁንም ይነበባል።

ሰኞ ጦይባ አርፍዳ መጣች።
ከወንበሩ ሥር እግሯን አየሁ፦
አረንጓዴ።
የግራው ማሰሪያ በሽቦ ተጠግኗል፤
ሌባው ይሁን እሷ የጠገነው እንጃ።