የነበረ ይንገር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ይጮኻል፤
"ሲሚንቶው ደርቋል፣ ነይ" ይለኛል።
ሰላምታ የለውም፤ እኔም አልጠብቅም፤
መንግሥት ሲጠሩት "ደህና አደርክ" አይሉትም።

ከተማው ተኝቷል፤ ንፋሱ ነቅቷል፤
ዋዮሚንግ ላይ ንፋስ መቼ እንቅልፍ ያውቃል?
መቶ አስር ኪሎ ሜትር፣ ግማሹ ጠጠር፤
የሚዳቋ ዓይኖች፣ የሽቦ አጥር።
ማማው ከሩቅ ሲያዩት ሠርግ ቤት ይመስላል፤
ሲቀርቡት ብረት ነው፤ ናፍጣ ይሸታል።

ሮይስ በር ላይ ቆሟል፣ የኩባንያው ሰው፤
እንቁላል በዳቦ በፎይል ጠቅልሎ ይዟል፣ ትኩስ ነው።
"ደንብ አይፈቅድም" አልሁት።
"ደንብሽ ይራብ!" አለኝ።
ሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስቅ አልነበረም።

ሥራዬን እናቴ ዛሬም አልገባትም።
"ትቆፍሪያለሽ?" አልቆፍርም።
"ትሸጫለሽ?" አልሸጥም።
"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?"
እቆማለሁ። አያለሁ። እፈርማለሁ፤
ወይም አልፈርምም።

ቧንቧው ሦስት መቶ ሜትር ወርዷል፤
ዙሪያውን ሲሚንቶ ከአለቱ አጣብቆታል።
ከሲሚንቶው ወዲያ፣ ማንም ሳያየው፣
የአርዲስ ጉድጓድ የሚጠጣው አሸዋ አለ፣ ውሃ ያዘለው።

አርዲስ፦ ሰማንያ አንድ ዓመት፣ አርባ ላም፣ አንድ ደንቆሮ ውሻ።
ባለፈው በጋ ከወጥ ቤቷ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድታ
"ጠጪ" አለችኝ። ጠጣሁ።
"ምን ምን ይላል?"
"ውሃ ውሃ" አልኋት።
"እንዲሁ ይበል" አለች፤ ብርጭቆውን አጠበች።

ፓምፑ ገፋ። አንድ ሺህ አምስት መቶ። ቫልቩ ተዘጋ።
በክቡ ወረቀት ላይ ቀዩ ቀለም መስመሩን ዘረጋ።
ሠላሳ ደቂቃ ረጅም ነው፣ መርፌ ለሚጠብቅ፤
ሰው ስለ ልጁ ያወራል፣ ስለ መኪና ዕዳ፣ ስለማያልቅ።
ኮልቢ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤
ጉድጓዱ ከዘገየ ቦነሱ ይቀራል።
እኔን አያየኝም። መርፌውን ያያል።

በአምስተኛው ደቂቃ፣ አራት መቶ ሰማንያ።
በአሥራ ዘጠነኛው፣ አራት መቶ፤ ወሬ ቆመ ከዚያ።
በሠላሳኛው፣
አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ።
ሕጉ ሃምሳ ይላል።

"አስር ፓውንድ!" አለ ሮይስ፣ "የብስክሌት ጎማ አይነፋም!
መለኪያው በርዶት ነው። ቫልቩ አርጅቶ ነው።"
ሰበብህ ውሃ አያነሳም ይላል ሰው፤
እዚህ ግን አባባል አይደለም፤
ማንሳት ያቃተው ቧንቧው ነው።

"የአንድ ሰዓት ኪራይ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"
አውቃለሁ።
"ነገ አለቃሽ ጋ ይደወላል!"
ይደወል፤ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፦
እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር።
ለምን እንደተመለሰ አላውቅም። ጀግንነት አልነበረም።
ብርድ ነበር፤ ደክሞኝ ነበር፤
አፌ ውስጥ ግን የሆነ ነገር
ውሃ ውሃ ይል ነበር።

ማን ይንገር? የነበረ።
ማን ያርዳ? የቀበረ።
ሲሚንቶ አፍ የለው፣ አለት አይመሰክር፤
ሦስት መቶ ሜትር ታች ማን ነበር?
ማንም። እኔም ብሆን ከላይ ነኝ፣ ጭቃ ላይ፣
በአንዲት ቀጭን መርፌ የታች የማይ።

"ምክንያት" የሚለው ሣጥን አንድ ቃል ነው የሚያስገባው።
"አልያዘም" ብዬ ጻፍሁ።
ኮልቢ መጣ። "ስንት ቀን?" አለኝ።
"ሦስት። ምናልባት አራት።"
ራሱን ነቀነቀ፤ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ስመለስ ነግቷል። የአርዲስ መስኮት በርቷል።
አልቆምሁም። ምን እላታለሁ?
ያልደረሰ ነገር ወሬ አይሆንም።
ደንቆሮው ውሻ ግን፣ በምን እንደሰማኝ እንጃ፣
እስከ አጥሩ ጫፍ ድረስ
እየጮኸ ሸኘኝ።